የማጅራቱ ፊልም

(ትንሽ፣ ጨለም ያለች አዳራሽ። እማማና የልጃቸው ባል ከፊት ወንበር ተቀምጠዋል። ፊልሙን የሠራችው ልጃቸው ናት። ስክሪኑን ሞልቶ የሚታየው ከኋላ በኩል የአንድ ሰው መላጣ ብቻ ነው።)

አማች፦ ተጀምሯል አልኩዎት እኮ እማማ!

እማማ፦ አልተጀመረም! ተዋናዩ የታለ?

አማች፦ ይኸውና ፊት ለፊትዎ!

እማማ፦ (ዞር ብለው እሱን ያዩታል) እሱማ አለ።

አማች፦ ይሄ የሙከራ ፊልም ነው።

እማማ፦ ታዲያ ሙከራዋን ጨርሳ አትጠራንም ነበር?

አማች፦ እንደሱ አይደለም! ሰው ቁጭ ብሎ ሲያይ፣ ማየቱን ራሱን እንዲያይ ነው። (ወደ እሳቸው ዞሮ) ለምሳሌ ይሄ መላጣ ምን ይልዎታል?

እማማ፦ (ስክሪኑን እያዩ፣ በሐፍረት) ምን ይለኛል፣ ፀጉር ነው፤ ይመጣል፣ ይሄዳል።

አማች፦ አይፍሩ፣ ይናገሩ! ይሄ ሰውዬ የደነዘዘ ሰው ምሳሌ ነው። ጭንቅላቱ ባዶ ስለሆነ ነው ፊቱን የደበቀው።

እማማ፦ ኧረ ተው! ደግ ሰው ነው።

አማች፦ በማጅራቱ አውቀው? ይሄ እኮ የጉረኛ ማጅራት ነው!

እማማ፦ ትንሽ ጉራማ ማን የሌለው አለ?

አማች፦ ለመሆኑ ልጅዎ ይሄን ፈዛዛ ከየት አገኘችው?

እማማ፦ እኔም አባቷም ያኔ ጠይቀናት ነበር። «ወድጄዋለሁ» አለች፤ ተውናት።

አማች፦ ወድጄዋለሁ?! መቼ ነው ያለችው?

እማማ፦ ከሠርጋችሁ በፊት ነዋ።

አማች፦ (ድምፁ እየቀጠነ) አሁንም… ይገናኛሉ?

እማማ፦ ምን ነካህ ልጄ? አብረው አይደል እንዴ የሚያድሩት!

አማች፦ የታለ ይሄ መላጣ! ዛሬ አለቀለት!

(ዘሎ ይነሣል። ስክሪኑ ላይ ያለውም ሰውዬ ዘሎ ይነሣል። አማች በድንጋጤ አናቱን ይይዛል፤ ሰውዬውም ይይዛል። አማች ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ሲዞር፣ ሚስቱ ማጅራቱ ላይ ካሜራ ደግና በሳቅ ልትፈነዳ ደርሳለች።)

አማች፦ (ተመልሶ ቁጭ እያለ) እማማ… እኔ መሆኔን ያውቁ ነበር?

እማማ፦ ወደኔ በዞርክ ቁጥር ፊትህ ይታየኝ የለ እንዴ?

አማች፦ ታዲያ ምነው ዝም አሉኝ?

እማማ፦ ራስህን እንዲያ ስታዋርድ፣ «ለካስ ልጄ ትሑት ሰው ነው ያገባችው» ብዬ ደስ ብሎኝ!