ሠላሳ አንድን የምትዘል ሰዓት

ዋጋ የሚባለው ነገር እኔን ግራ ያጋባኛል። እናንተን አያጋባችሁ ይሆናል፤ እድለኞች ናችሁ። ቡና ከሆነ ችግር የለብኝም። ያልተፈለፈለውን ጀንፈል በመዳፌ አፍሼ፣ አንዷን ፍሬ በጥርሴ ሰብሬ፣ ይህ የዘንድሮ ነው፣ ይህ ደግሞ መጋዘን ውስጥ ከርሞ የሻገተ ነው እልና ዋጋውን ከነቅናሹ እነግራችኋለሁ። የቆየ ቡና ይረክሳል፣ ያጸዱት ቡና ይወደዳል፣ ስለ ጆንያው ደግሞ የሚጠይቅ የለም። ሰዓት ላይ ስትመጡ ግን ነገሩ ሁሉ ይገለበጣል። ያረጀው ይወደዳል፣ ያጸዱት ይረክሳል፣ ከዕቃው በፊት ካርቶኑ ይጠየቃል። ይህን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

ልጄ ሐያት ኪቶ ፉርዲሳ በሚባለው የጅማ ዩኒቨርሲቲ ግቢ የሕንፃ ንድፍ ትማራለች። ዓምና ንድፉ ሁሉ በኮምፒውተር ነው ተባለ፤ እሷም የጓደኛዋን ላፕቶፕ እየተዋሰች፣ ጓደኛዋ ምሳ ስትበላ እሷ ጦሟን እየሳለች ዓመቱን ጨረሰች። ክረምት ቤት ስትመጣ ታዲያ «አባዬ፣ መስከረም ላይ የራሴ ከሌለኝ ሌላ ትምህርት እቀይራለሁ» አለችኝ። አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር፤ ለቅሶ እንዴት እንደሚባበል አውቃለሁ።

ቤታችን ውስጥ ደግሞ የሚሸጥ ነገር አንድ ብቻ ነው፤ እጄ ላይ ያለችው ሰዓት።

የሰዓቷን ነገር ልንገራችሁ። እኔ አጋሮ ላይ በሐጂ ሙዘይን የቡና መጋዘን አሥራ ስምንት ዓመት ሚዛን ላይ ቆሜያለሁ። ሐጂ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ ሐጅ ሲሄዱ ከጅዳ የገዟት የስዊስ ሰዓት ነበረቻቸው። ይህች ሰዓት ቀን የምታሳይ ጥፍር የምታህል መስኮት አለቻት። ችግሩ ፈረንጅ የሠራት መሆኗ ነው። ወሩ ሠላሳ ላይ ሲያልቅ እሷ አላለቀም ብላ ሠላሳ አንድ ትላለች። በዚያ መጋዘን ደግሞ ደረሰኙም፣ ቀጠሮውም፣ የገበሬው ቃልም በእኛ ቀን ነው። ስለዚህ ወር በገባ ቁጥር ሐጂ ሰዓቷን ፈተው ይሰጡኛል። «ሐሰን፣ እስቲ ቀኗን አስተካክላት፤ የእኔ ዓይን ደክሟል» ይላሉ። እኔም ከጎኗ ያለችውን ቁልፍ ሳብ አድርጌ፣ ትንሹን ቆጣሪ ሁለት ዙር አዙሬ፣ ሁለት ዙር አንድ ቀን ነው፣ ሠላሳ አንድን አዘልላትና አንድ ላይ አቆማታለሁ።

የዓመት መለወጫው ደግሞ ለብቻው ነው። ጷጉሜ አምስት ቀን መሆኗን ለዚህች ሰዓት ማን ይንገራት? መስከረም አንድ ቀን ጠዋት ስድስት ብላ ትጠብቀኛለች። ከስድስት ተነስቼ፣ ሠላሳ አንድን አልፌ፣ ወደ አንድ ለመመለስ ሃያ ስድስት ቀን ማዞር ነበረብኝ። ሃምሳ ሁለት ዙር። አውራ ጣቴ ይቀላል። ሠራተኛው በዓል ብሎ ሲሄድ እኔ ጆንያ ላይ ተቀምጬ ዓመት አስገባለሁ። ልዋሽ አልችልም፣ እኮራ ነበር። የገዛ ልጆቻቸው እንኳ አይነኳትም።

መጋዘኑ ሲዘጋ ሐጂ ሰዓቷን ከእጃቸው ፈተው እኔ እጅ ላይ አሰሩልኝ። «ከእኔ ይልቅ አንተን ነው የምታውቀው» አሉኝ። ወላሂ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ራሴን እንደ ሌላ ሰው ነበር የማየው። ወደ ጅማ ተመልሼም ማዞሬን አላቋረጥኩም።

እንግዲህ ሐያት ስልኳን ከፍታ «አባዬ፣ ያንተ ዓይነት ናት» ብላ የሰዓት ፎቶ አሳየችኝ። ከሥሩ ያለውን ቁጥር ወደ ብር ስትለውጠው ዜሮዎቹን በጣቴ ቆጠርኩ። እኔ በዚያ ሰሞን የማስበው በላፕቶፕ ስለነበር ሒሳቡን በላፕቶፕ ቁጥር ሠራሁት፤ ለክፍሏ ተማሪ ሁሉ ይዳረሳል። ለአንድ ሁለት ቀን የክፍሏን ተማሪ ሁሉ በቸርነት ዓይን ማየት ጀመርኩ።

ከዚያ አሮጌ ሰዓት የሚገዛ አንድ የአዲስ አበባ ወጣት በቴሌግራም ተገኘ። ፎቶ ላክን። ሦስት ላፕቶፕ የሚገዛ ዋጋ ጠራ። ከክፍል ተማሪ ወደ ሦስት መውረዱ ትንሽ ቢከፋኝም፣ ሦስትም ደህና ነው። ቀጥሎ «ካርቶንና ወረቀት አለው?» ብሎ ጻፈ። ካርቶኗን ሐጂ የቡና ናሙና ይይዙባት ነበር፤ ዛሬም ቡና ቡና ትሸታለች። ይህ ዋጋ የሚጨምር መስሎኝ በደስታ አስጻፍኩ። ሁለት ላፕቶፕ ሆነ። ሊመጣ ሲል ደግሞ እንግዳ አይደል፣ በጥርስ ሳሙና ወልውዬ እንደ መስታወት አደረግኋት። መልኳን በቪዲዮ ሲያይ «ፋዘር፣ ለምን አጸዷት?» አለ። አንድ ተኩል። ግራ ገባኝ። ሚዛን ላይ ስቆም ቆሻሻ ነበር የምቀንሰው፤ ይሄ ልጅ ንጽሕና ይቀንሳል።

ወጣቱ ጷጉሜ ሦስት ቀን መጣ። የተገናኘነው ጋሽ ተክሌ ዘንድ ነው። ጋሽ ተክሌ ከወሎ መጥተው ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጅማ ገበያ ዳር ከአንድ የመስታወት ሳጥን ጀርባ የተቀመጡ ሰዓት ሠሪ ናቸው፤ የማይዋሹ ሰው መሆናቸውን ከተማው ያውቃል። የሰዓቷን ጀርባ ከፈቱ። መነጽራቸውን ዓይናቸው ላይ ጣል አድርገው ብዙ ቆዩ። እኔ በሆዴ ዱዓ አደርጋለሁ።

«እውነተኛ ናት» አሉ። ሐያት ክንዴን ጨበጠችኝ።

«ሞተሯም ጤነኛ ነው። ቀኑን የሚገፋው ጥርስ ግን ተበልቷል።»

«ከእርጅና ነው ጋሼ?» አለ ወጣቱ።

«አይደለም። አንድ ሰው ይቺን ሰዓት ዕድሜ ልኳን ሲያዞራት ኖሯል። ዓመት ጠብቆ ደግሞ በደንብ ያዞራታል።»

«ምን ዓይነት ሰው ነው እንዲህ የሚያደርግ?» ብሎ ወጣቱ ወደ እኔ ዞረ። «ፋዘር፣ ለልጅ መጫወቻ ሰጥተዋት ነበር እንዴ?»

አፈርኩ። ዝም ማለት እችል ነበር፤ ሐጂ በሕይወት የሉም፣ በእሳቸው ማሳበብ ይቀላል። ግን ጋሽ ተክሌ ጣቴን እያዩ ነበር።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «እኛ ዘንድ ሠላሳ አንድ የሚባል ቀን ስለሌለ ነው።»

ወጣቱ ሳቀ። «ፋዘር፣ ዝም ብለው ቢተዋት እኮ ዛሬ ሙሉ ዋጋዋን ነበር የምሰጥዎት።»

«ቀኑ ተሳስቶ?» አልኩት።

 ጋሽ ተክሌ ጀርባዋን እየገጠሙ «ማል ጎና» አሉ፤ ከአገሩ ሰው የተማሯት ቃል ናት፣ ምን ይደረግ እንደማለት። ጥርሷ እዚህ አገር አይገኝም፣ ከውጭ ነው የሚመጣው ተባለ። ቀነሰ። ወጣቱ ጨርሶ የጠራው ዋጋ አንድ ያገለገለ ላፕቶፕ ይገዛል፤ አዲስ አይገዛም። ሐያትን አየኋት። በዓይኗ እሺ አለችኝ፤ ፈትቼ ሰጠሁት። ስፈታት ነው የገባኝ። አሥራ ስምንት ዓመት ከሌላ ሰው እጅ ላይ፣ ከዚያም ከራሴ እጅ ላይ፣ በራሴ አውራ ጣት የልጄን ላፕቶፕ ጥርስ በጥርስ ስፍቅ ኖሬያለሁ። ያውም እየኮራሁ።

በማግስቱ ላፕቶፑን ገዛን። አንዲት ቁልፉ ወልቃለች፤ ሐያት የማልጠቀምባት ፊደል ናት ትላለች፣ አላመንኳትም።

መስከረም አንድ ቀን ጠዋት እንደ ልማዴ ተነሳሁ። የማዞረው ነገር የለም። የሃያ ስድስት ቀን ማዞር የቀረበት አውራ ጣት ይዤ ሐያት አጠገብ ተቀመጥኩ። ደስ ብሏት አንድ ደረጃ ያለው ቤት ትስላለች። ከስክሪኑ ጥግ ትንሽ ቁጥር አየሁ። አሥራ አንድ ይላል።

«ሐያት፣ ይሄ ነገር ተሳስቷል። ዛሬ እኮ አንድ ነው።»

«እሱ በፈረንጅ ነው አባዬ።»

ሰምቻታለሁ። እጄ ግን ወደ ቁጥሩ ተዘርግታ ነበር። ሐያት ያዘቻትና ቀስ አድርጋ ጉልበቴ ላይ መለሰችልኝ።

«ይቺን ላፕቶፕ እንኳ ተዋት» አለችኝ። «ነገ ልሸጣት እችላለሁ።»