የማዳሜ የወንበር ሥዕል

ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ ካርቱም፣ አል-ማንሺያ በሚባል የሀብታም ሰፈር ሰው ቤት ተቀጥሬ እሠራ ነበር። ቀላል ኑሮ የሚያደንቅ ሀብታም አጋጥሟችሁ ያውቃል? ማዳሜ ሳሎን የሰቀለችው ሥዕል ሼከር የሚባሉ የአሜሪካ አማኞች የሚሠሩት፣ ጌጥ የሌለው ወንበር ነበር። እንግዳ ፊቱ እያቆመች፣ "የደከመው ሰው ከዚህ ሌላ ምን ያስፈልገዋል?" ትላለች። እውነትም ያምራል፤ ወለል ስወለውል እኔም ቆም ብዬ አየው ነበር።

እግሬ ቢያብጥ ለኩሽና አንድ የምቀመጥበት ዱካ ለመንኳት።

"ያ ቢንቲ፣ ልጄ፣ ቤቱን ያጨናንቅብኛል" አለችኝ።

ማዮ፣ የድሆች ሰፈር ለምትኖረው አክስቴ ስነግራት፣ "ሥዕሉ ላይ ተቀመጪበታ" ብላ ሳቀች። ከዚያ በፍራፍሬ ሳጥን እንጨት፣ ልክ ስለ ሥዕሉ እንደነገርኳት ያለ ወንበር ሠራችልኝ፤ ጁምዓ ጁምዓ፣ በዕረፍቴ ቀን ሄጄ እቀመጥበት ነበር።

ካርቱም ላይ ጦርነት መጣ፤ ማዳሜ ሥዕሏን ይዛ ከከተማው ወጣች። አክስቴ ከሰል ሲጠፋ ወንበሩን ፈልጣ ምስር ቀቀለችበት።