አቶ ዓባይነህ ወሬኛውን ፕሪንተር ዝም ያሰኙበት ዜና

በሁለት ሺህ ዐሥራ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ማርቆስ፣ በወርኃ ኅዳር፣ አቶ ገበየሁ በመካነ ሰላም ከተማ ስሙን በማንጠራው ጽሕፈት ቤት የኃላፊነት ወንበር ላይ በተቀመጡ በሦስተኛው ዓመት፣ አዲሱ ፕሪንተር በሚኒባስ ጣሪያ ተጭኖ ከደሴ በገባ በሰባተኛው ወር፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ያገለገሉት፣ መነጽራቸው በክር የታሰረ፣ ፋይልን በጠረኑ የሚለዩት፣ የመዝገብ ቤቱ አባት አቶ ዓባይነህ ያደረጉት ይህ ነው፤ ጸሓፊውም ካየው በላይ አልጨመረም፣ ጥቂት ካልሆነ በቀር።

በዚያ ወር ለአንድ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ቅጥር ፈተና ታወጀ፤ ከወግዲም ከአጅባርም ስልሳ ሦስት ተፈታኞች ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ጭጋጉን ሰንጥቀው መጡ። ዐሥራ አንዱ ግን ጥያቄውን ሳያነቡ መልሱን ይጽፉ ነበር። ፈተናው ወጥቷል ተባለ። ኃላፊውም ተቆጥተው ይህን አዋጅ በሰሌዳ ላይ ለጠፉ፦ «ፈተናውን በኮምፒውተር የጻፈችው ሉሊት ብቻ ናት። ስለዚህ ነገሩ እስኪጣራ ከሥራ ታግዳለች።»

ሉሊት የጽሕፈት ቤቱ ጸሐፊ ናት፤ የሰው ደብዳቤ ስትተይብ ከንፈሯን እንኳ የማታንቀሳቅስ ምስጢረኛ። ሻርፗን አንሥታ ስትወጣ በመዝገብ ቤቱ በር ቆመችና «ጋሼ፣ ወላሂ ከኔ እጅ አልወጣም» አለች። አቶ ዓባይነህም እናቷ ገበያ መውጣት አፈሩ ሲባል በሰሙ ጊዜ ምሳቸውን አልበላም አሉ።

ወእምዝ፣ ከዚህም በኋላ፣ አቶ ዓባይነህ ስልሳ ሦስቱን የመልስ ወረቀት ከመደርደሪያ አውርደው፣ እንደ ሠራዊት በጠረጴዛ ላይ አሰልፈው፣ ቀኝና ግራ ክንፉን ለይተው፣ ሦስት ቀን አንድ በአንድ መረመሩ። በሦስተኛው ቀን በሰባተኛው ጥያቄ ላይ ጠላትን አገኙት። ጥያቄው ደብዳቤ ወጪ ሲሆን ምን ይደረጋል የሚል ሲሆን፣ ዐሥራ አንዱ ሁሉ ደብዳቤ ገቢ ሲሆን የሚደረገውን ጽፈው ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት ገቢና ወጪ ሲመዘግቡ የኖሩት ሰው ይህ አላመለጣቸውም፤ ወደ ኃላፊው ገብተው በትሕትና ጠየቁ። ኃላፊውም ረቂቁን በእጃቸው ሲጽፉ «ገቢ» ብለው እንደነበር፣ ያንን ራሳቸው በፕሪንተሩ ስካን እንዳደረጉት፣ በኋላ «ወጪ» ብለው አርመው ንጹሑን ብቻ ለሉሊት እንደሰጡ አመኑ።

«እንግዲህ ረቂቁን ከርስዎና ከዚህ ማሽን በቀር ያየው የለም» አሉ አቶ ዓባይነህ።

«ማሽን ደግሞ ምን አፍ አለው?» ብለው ኃላፊው ሳቁ።

የኮምፒውተር ባለሙያዋ ፊርደውስ ግን አልሳቀችም። ፕሪንተሩ ስካን ያደረገውን ሁሉ በሆዱ እንደሚያስቀር፣ የራሱን ዋይፋይ እስከ መንገድ ማዶ እንደሚለቅ፣ ፓስወርዱም ከፋብሪካ እንደመጣ አንድ ሁለት ሦስት አራት እንደሆነ፣ እርሱም በጎኑ ተለጥፎ እንደሚነበብ ገለጠች። «ሦስት ጊዜ በደብዳቤ አሳስቤ ነበር» አለች። እውነት ነበር፤ ደብዳቤዎቹ በገቢ መዝገብ ተመዝግበው ተኝተዋል። አቶ ዓባይነህም አፈሩ፤ የመዘገቡት እርሳቸው ነበሩና።

ኃላፊው ግን ካላየሁ አላምንም አሉ። ስለዚህ በማግሥቱ ዘመቻ ሆነ። አቶ ዓባይነህ ለመደወል ብቻ የሚያውቁትን ስልክ ታጥቀው፣ በቀኛቸው ፊርደውስ፣ በግራቸው ዱላ የያዘው ጥበቃ ብዙነህ፣ ከኋላም ስለ ምን እንደሚከተል የማያውቅ አንድ የግቢ ውሻ ሆነው፣ መንገዱን ተሻግረው በማዶው ሻይ ቤት ሰፈሩ። ፊርደውስ ስልካቸውን ከፕሪንተሩ ዋይፋይ አገናኝታ፣ የነገሯትን ጽፋ፣ «አትም» የሚለውን ብታሳያቸው አቶ ዓባይነህ ጣታቸውን ወደ ኋላ ሰበሰቡ። «አብሽሩ ጋሼ፣ አይነክስም» አለች ፊርደውስ። እርሷ ቢስሚላህ ስትል እርሳቸው አማትበው ነኩት።

በዚያች ሰዓት፣ ሠራተኛው ሁሉ በጽሕፈት ቤቱ በተሰበሰበበት፣ ማንም ሳይነካው ፕሪንተሩ አጓራ፤ ይህንም አዋጅ ተፋ፦ «ስማ! ያልሰማህ አንብብ! እኔ ፕሪንተሩ ለመጣ ሁሉ የምናገር ወሬኛ ነኝ። ፈተናውን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ሉሊት ንጹሕ ናት። ዓባይነህ፣ ከሻይ ቤት።»

ኃላፊው ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበቡ። ፊርደውስ ተመልሳ የማሽኑን መዝገብ ብትከፍት ረቂቁን የወሰደው ስልክ ስም «አራጌ ጉዳይ አስፈጻሚ» ይላል፤ በዚያው ሻይ ቤት የሚውለው ደላላ አራጌ ስልኩን በራሱ ስም ሰይሞት ኖሯል። ብዙነህ ሊጠራው ቢሄድ ሻዩን ሳይጨርስ ወደ መናኸሪያ ሮጧል፤ ነገሩም ለፖሊስ ተመራ።

ወእምዝ አዲስ አዋጅ ወጣ፦ «ከዛሬ ጀምሮ የፕሪንተሩ ፓስወርድ ረጅም ይሁን፤ አይለጠፍም። ዋይፋዩ ተዘግቶ በገመድ ይሥራ። ምስጢር የሆነ ወረቀት ባለቤቱ በማሽኑ ፊት ቆሞ የምስጢር ቁጥሩን ሳያስገባ አይታተም። ሆዱ በየሳምንቱ ይጠረግ፤ አርጅቶ ቢሸጥም ሳይጸዳ ከግቢ አይውጣ። ፊርደውስ አፕዴት ስትል ማንም ነገ አይበላት።» ኃላፊው ፓስወርዱ ገበየሁ አንድ ሁለት ሦስት ይሁን ቢሉ፣ ፊርደውስ በጨዋ ደንብ ሳለች፤ እርሳቸውም ገባቸው።

አቶ ገበየሁ የእግዱን ወረቀት በእጃቸው ቀደዱ፤ ወደ ሉሊት ቤትም በእግራቸው ሄደው በእናቷ ፊት «በድያታለሁ፣ ይቅር በሉኝ» አሉ። እናቲቱም «ይህንኑ ገበያ መሀል ይበሉልኝ» አሉ፤ ኃላፊውም በገበያ ቀን፣ በእህል ተራ መካከል ቆመው አሉ። ስልሳ ሦስቱም አዲስ ፈተና ተፈተኑ።

ሰላም ለከ ዓባይነህ! ጭብጨባ ሳትሻ፣ ማንም ሳያዝህ፣ ስለ አንዲት ልጅ ስም ብለህ የስልሳ ሦስት ሰው የእጅ ጽሑፍ፣ ያንን ሁሉ ጭረትና ጥፍር የሚያህል ፊደል፣ በደከመ ዓይን ያነበብህ! እግዚአብሔር ዕድሜህን ያርዝመው፤ ጡረታህንም ያዘግየው፤ አሜን።