ያ ምልክት እንዴት ጸደቀ

ስብሰባ የሚወድ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ገጥሞኛል። ጓድ አበራ ይባላል። በደርግ ጊዜ ኮምቦልቻ በምሠራበት የሽመና ፋብሪካ የማሻሻያ ኮሚቴው ሊቀመንበር ነበር። እኔ ደግሞ ጸሐፊው። ደሴ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ስለመጣሁ፣ ተማረች ተብዬ ተመረጥኩ። ሰው ፊት መናገር አፍራለሁ ብል ማን ሰምቶኝ!

ኮሚቴው የሚያሻሽለው ምን መሰላችሁ? የእጅ ምልክት። አዳራሹ ውስጥ የማሽኑ ጩኸት ሰው አያሰማም። ስለዚህ በእጅ ነበር የምንነጋገረው። ሁለት ጣት፣ ክር ተበጠሰ። መዳፍ በራስ ላይ፣ መካኒክ ይምጣ። የተጨበጠ እጅ ወደ ላይ፣ እሳት! ያለ ምልክት ከማሽኗ የራቀች ሴት ሥራ ጥላ እንደ ሄደች ትቆጠራለች። አዲስ ምልክት የፈለገ ለእኔ ይነግረኛል፤ ከዚያ ስብሰባ ላይ ሐሳቡ በቃል ይብራራል፣ ድምፅ ይሰጣል፣ ያልቃል። ያልቃል ስል ቀልዴን ነው።

አንዱ «ዛሬ ምሳ ጎመን ነው» የሚል ምልክት ይኑረን ይላል። ሌላው ሁለት ጣት በሦስት ይተካ ይላል። ለምን? ሦስት ያምራላ! የአሸዋ ባልዲ ጠባቂው አዛውንት ደግሞ የእሳቱ ምልክት ይቀየር አሉ። መፈክር በተሰማ ቁጥር ሁሉም እጁን ጨብጦ ሲያነሣ፣ እሳቸው ባልዲ ተሸክመው ይሮጣሉ። ጓድ አበራ «የትኛው ይቀየር ነው የሚሉት አባት፣ የእሳቱ ወይስ የመፈክሩ?» ቢላቸው፣ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

ሁሉም ሰልችቶኝ ነበር። የዘይነባ ብቻ ነው እንቅልፍ የነሣኝ። ማሽኗ ከማሽኔ አጠገብ ነው፤ ነፍሰ ጡር ነበረች። «ሽንት ቤት ልሂድ፣ ማሽኔን ያዙልኝ» የሚል ምልክት አልነበረንም። እስከ ዕረፍት ለመቆየት ስትል፣ በዚያ በኮምቦልቻ ሙቀት ውኃ መጠጣት ተወች። አንድ ቀን ማሽኗ ሥር ወደቀች።

«ሐሳቡን አቅርቢ» አልኳት።

«ያ ሁሉ ወንድ ፊት? ወላሂ፣ እዚሁ ብወልድ ይሻለኛል! አንቺ አይደለሽ የተማርሽው?»

«አብሽሪ፣ እኔ አቀርበዋለሁ» አልኳት። አብሽሪ ማለት ምን ያቅታል? «ሽንት ቤት» የሚለውን ቃል ለብቻዬ ስለማመደው እንኳ ፊቴ ይነድ ነበር።

እንግዲህ ምስጢሩ ይኸውና፤ ባለቤቴም አያውቀውም። አጀንዳ የምደረድረው እኔ ነበርኩ። ጎመኑን፣ ሦስት ጣቱን፣ ጭቅጭቅ ያለበትን ሁሉ ከፊት አደረግሁ። የዘይነባን ከመጨረሻ። ከዚያ ሻይ የሚያፈሉትን እትዬ ከድጃን፣ ብርጭቆ በጎደለ ቁጥር ይሙሉልኝ ብዬ ለመንኳቸው። «ምነው ልጄ፣ ሰርግ አለ እንዴ?» አሉኝ። በስብሰባ መሀል መውጣት ክልክል ነበር። ደንቡን ያወጣው ራሱ ጓድ አበራ ነው።

ጎመኑ ብቻ ግማሹን ከሰዓት በላው። ሻይ ይመጣል፤ ይጠጣል፤ ደግሞ ይመጣል። የእኔ ተራ ሲደርስ ወንዶቹ እግራቸውን አቆላልፈዋል። ጓድ አበራ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ ያልበዋል። ተነሣሁ።

«ጓዶች፣ ሴት ሠራተኞች በሥራ መሀል ወደ...» ቃሉ ላይ ስደርስ አጀንዳዬ ላይ አቀረቀርኩ።

«ገብቶናል!» ብሎ ጮኸ ጓድ አበራ። «ማብራሪያ አያስፈልግም! የሚቃወም አለ? የሚደግፍ እጁን ያውጣ!»

ማን ይቃወማል? ሁሉም እጁን አወጣ፤ እጁን ተከትሎም ራሱ ወጣ። በር ላይ የነበረውን ግፊያ አትጠይቁኝ። በማግስቱ ዘይነባ ውኃዋን ጠጥታ፣ በአዲሱ ምልክት ትከሻዋን ነካ ነካ አድርጋ እየሳቀች ስትወጣ አየኋት። በኋላም በሰላም ተገላገለች።

በቀደም ጓድ አበራን ደሴ ላይ ታክሲ ስጠብቅ አገኘኋቸው። ሸብተዋል፤ አሁን እንኳ አንቱ ልበላቸው።

«የሴቶች ችግር አይገባችሁም ይሉናል» አሉኝ ኮስተር ብለው። «እኔ ግን ያን ቀን እንደ ራሴ ችግር ነው የተሰማኝ።»

«አውቃለሁ» አልኩ አንገቴን ደፍቼ። ኅሊናዬ ቆረቆረኝና ሻይ ልጋብዝዎ አልኳቸው።

ሰዓታቸውን አዩ። «አይ ልጄ፣ የዕድር ስብሰባ አለብኝ። ስብሰባ ካለብኝ ሻይ በአፌ አይዞርም።»