አራሷን ብሎክ ያደረግኩ ዕለት

ዛሬ ቢሮ ውስጥ የሠራሁትን ስትሰሙ አንፎሎው እንደምታደርጉኝ አውቃለሁ። ግን ታክሲ ውስጥ ነኝ፣ መንገዱ ተዘጋግቷል፣ የምነግረውም ሌላ ሰው የለኝም።

መገናኛ አካባቢ ያለ አንድ የዕቃ አስመጪ ድርጅት ውስጥ አዲሱ አይቲ ነኝ። የሙከራ ጊዜዬ በዚህ ሳምንት ያልቃል። ቋሚ ልሁን ወይስ ልሰናበት፣ የሚወስኑት ሥራ አስኪያጃችን ጋሽ ታደሰ ናቸው።

ስለዚህ ጠዋት ጀግና ለመሆን ወሰንኩ። ማንም ሳያዘኝ፣ የድርጅቱ ሲስተም ውስጥ ማን መቼ እንደገባ የሚያሳየውን የሎግኢን ሪከርድ ከፈትኩ።

ከፍቼም ደነገጥኩ።

ሰናይት የምትባል የሂሳብ ክፍል ባልደረባ አለችን። በቅርቡ ወልዳ ጎሮ እናቷ ቤት ናት። ሪከርዱ ላይ ግን ቢሮውን ብቻዋን ተሸክማዋለች። በአንድ ጊዜ ከስቶርም፣ ከሽያጭም ገብታለች።

አራስ እንዲህ ትሠራለች እንዴ? በቃ፣ ሀክ ተደርገናል አልኩ።

ለማረጋገጥ ደወልኩላት።

"ሰናይት፣ አሁን ሲስተም ውስጥ ነሽ?"

"እያጠባሁ ነው" አለችኝ በሹክሹክታ። ሕፃኑ ለቅሶውን ለቀቀው። እናቷ ስልኩን ነጠቋት።

"አንተ ማነህ? አራስ እንኳን አታስተኙም?" ብለው ጆሮዬ ላይ ዘጉት። መልሼ ስደውል ስልኩ ጠፍቷል።

ለእኔ በቂ ማስረጃ ነበር። የሰናይትን አካውንት ብሎክ አደረግኩና የቢሮው ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለጠፍኩ፦ "በሰናይት ስም ሌባ ሲገባ ደርሼበታለሁ። ዘግቼበታለሁ። ተረጋግታችሁ ሥራችሁን ቀጥሉ።"

ሁሉም አይቶታል። ጎበዝ ያለኝ ግን የለም።

መጀመሪያ የመጣችው የስቶሯ ትዕግስት ናት። "ስማ፣ ሰናይት አላስገባ አለችኝ" አለች። የሽያጭ ልጆች ተከተሏት። ደንበኛ ደረሰኝ እየጠበቀ ቆሟል።

ለካ ሲስተሙ ሲመጣ ሥልጠናውን እስከ መጨረሻው የተከታተለችው ሰናይት ብቻ ናት። ሌላው ፓስወርዱን በረሳ ቁጥር "እስኪ በአንቺ ልግባ" ይላታል። እሷም ይሉኝታ ይይዛትና እሺ ትላለች። የወሊድ ፈቃድ ልትወጣ ስትል ፓስወርዷን ፕሪንተሩ ላይ ለጥፋላቸው ሄደች። እኔ በየቀኑ ወረቀት የምከትበት ፕሪንተር ላይ! የዋይፋይ መስሎኝ ነበር።

ስለ ሴኪዩሪቲ ሌክቸር ልሰጣቸው አፌን ስከፍት የጋሽ ታደሰ በር ተከፈተ።

"ልጄ፣ ይቺ ሰናይት ምን ሆና ነው? አስወጣችኝ እኮ።"

"እርስዎም በእሷ ነው የሚገቡት?"

"ታዲያ በማን ልግባ? ያንተን ቋሚ ቅጥር ላጸድቅ ስል ነው ያስወጣኝ" አሉ።

አዎ። የገዛ እንጀራዬን ነው ብሎክ ያደረግኩት።

በራሳቸው ስም አስገባኋቸው፤ ማጽደቅ ግን አልቻሉም። የማጽደቁን ሥልጣን ድሮ ለሰናይት አስተላልፈውላታል። የእሷን አካውንት ለመክፈት ደግሞ ሲስተሙ የማረጋገጫ ኮድ ላከ። ወደ ስልኳ። እናቷ ወዳጠፉት ስልክ።

ጋሽ ታደሰ አልተቆጡም፣ እሱ ነው የባሰው። "ዳይፐር ያዝና ጎሮ ሂድ። ታዲያ መጀመሪያ እንኳን ማርያም ማረችሽ በል፣ ኮዱን ኋላ ትጠይቃለህ" አሉኝ። ቢሮው ሁሉ እስከ በሩ ሸኘኝ።

ይኸው ዳይፐር ታቅፌ ተቀምጫለሁ። ግሩፑ ላይ የሚጻፈው "ደረስክ?" ብቻ ነው። የሙከራ ጊዜዬን ሙሉ ሲስተሙን ሞኒተር አደርጋለሁ እያልኩ፣ ይህ ሁሉ ሰው በአንዲት ሴት ይሉኝታ እየሠራ መሆኑን አላየሁም። ተቆጥቼ ሳይሆን አፍሬ ነው የምጽፈው።

አሁን፣ የወለዳችሁ እህቶች፣ ምከሩኝ። በሩን የሚከፍቱት እናቷ ናቸው። "አንተ ማነህ?" ሲሉኝ በማን ስም ልግባ?