ሊቀ ብሎናትና የእህቱ ግራፊክስ ካርድ

ኮምፒውተር በገባበት ቤት ሁሉ፣ ያንን ኮምፒውተር ፈትቶ ካላየ እህል ውኃ የማይል አንድ ዘመድ አይጠፋም። ወይ የአጎት ልጅ ነው፣ ወይ አማች ነው፣ ወይ ከዘመድ የማይተናነስ ጎረቤት። ሊጠይቃችሁ ይመጣል፤ እጁን ለእናንተ ይዘረጋል፣ ጆሮውን ግን ለኮምፒውተሩ። «ይሄ ፋን ድሮም እንዲህ ነበር የሚጮኸው?» ይላል። በቃ፣ አለቀላችሁ።

የእኛው የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ነው። ቤተሰቡ በሙሉ ድምፅ ሊቀ ብሎናት የሚል ማዕረግ ሰጥቶታል፤ በሄደበት ሁሉ ፈትቶ ሲገጥም አንድ ብሎን ይተርፈዋልና። የተረፈውን ኪሱ ይከተዋል። «ፋብሪካዎቹ እኮ ለጥንቃቄ ብለው ነው የሚያበዙት» ይላል። ለማዕረጉ ክብር ስል በአንቱታ ልጽፍለት ፈልጌ ነበር፤ ሶፋዬ ላይ ካልሲውን አውልቆ ለሚጋደም ሰው ግን አንቱታው ከብዕሬ አልወጣ አለኝ።

የሊቀ ብሎናት እምነት አንድ ነው፤ ማንኛውም ዕቃ ከሚሠራው በላይ መሥራት ይችላል። በተለይ ስለ ግራፊክስ ካርድ ከተነሣ አያድርስ ነው። ለማታውቁት፣ ግራፊክስ ካርድ ማለት ስክሪን ላይ የምናየውን ምስል የሚያወጣው የኮምፒውተር ክፍል ነው፤ ፋን የተደረደረበት፣ ጡብ የሚያህል ዕቃ። በውስጡ እንዴት መሥራት እንዳለበት የሚያዘው ትንሽ ፕሮግራም አለ። ያንን ፕሮግራም አጥፍቶ በሌላ መተካት ፍላሽ ማድረግ ይባላል። ቢሳሳቱ ካርዱ ስለሚሞት ጤነኛ ሰው አይነካውም። እኔም ይህን ሁሉ ያወቅሁት ወድጄ አይደለም።

አክስቱ ኮምፒውተር የገዙት ካርታ ሊጫወቱበት ብቻ ነው። እሱ ግን ከኮምፒውተሩ ሣጥን የሚረዝም ካርድ ገጠመላቸው። ክዳኑ አልዘጋ ስላለ እስከ ዛሬ ጥልፍ ጨርቅ ለብሶ ይኖራል፤ ድመታቸውም ለሙቀቱ ብላ ከላዩ አትወርድም። አንድ ጊዜ ደግሞ ጥርሱን ሊያስነቅል ሄደ። ማደንዘዣውን ተወግቶ እስኪደነዝዝለት ውጭ ተቀመጥ ቢሉት፣ ግማሽ ከንፈሩ ተንጠልጥሎ የተራ መዝጋቢዋን ኮምፒውተር ሲፈታ ተገኘ። ሐኪሙ ወጥተው ቢቆጡት፣ «ሁለት ደቂቃ ነው» ለማለት ሞከረ አሉ፤ ማንም አልገባውም እንጂ።

ሌላው አመሉ፣ ዕቃ ሥራ ፈቶ እንዲቀመጥ አይፈልግም። ዛሬ ከእኔ ቤት የወጣ ካርድ ሳይመሽ ሌላ ሰው ቤት ገብቶ ታገኙታላችሁ።

ባለቤቴ አርክቴክት ናት። ዕድሜዋን የሌላ ሰው ሕንፃ ስትነድፍ ኖራ፣ ዘንድሮ የመጀመሪያውን የራሷን ሥራ ልታገኝ ጫፍ ደርሳ ነበር፤ አንድ መዋዕለ ሕፃናት። ሰኞ ጠዋት የወላጆች ኮሚቴ ፊት ቀርባ፣ ቤቱ ሲያልቅ ምን እንደሚመስል በምስል ማሳየት አለባት። ካላሳየች ሥራው ለተወዳዳሪዋ ይሄዳል። ኮምፒውተራችን ደግሞ አንዷን ምስል ለማውጣት ቀኑን ሙሉ ያምጣል።

ሊቀ ብሎናት ይህን ሰምቶ፣ ቅዳሜ ጠዋት ያገለገለ ካርድ በፎጣ ጠቅልሎ፣ ብሎን የሚፈታበትን ካቻቢቴ ይዞ ከች አለ።

«እትዬ፣ ዓይንሽን ጨፍኚ!»

«ሰኞ ነው የማቀርበው፤ ሰኞ! ዛሬ እንዳትነካብኝ።»

«ሁለት ደቂቃ ነው።»

በእሱ ሁለት ደቂቃ እኔ ልብስ አጥቤ፣ አስጥቼ፣ ተኩሼ ጨርሻለሁ። እውነቱን ለመናገር ግን ካርዱ ገባና ሠራ። ቀን ይፈጅ የነበረው ምስል ምሳ ሳይደርስ ወጣ። እህቱ ግንባሩን ሳመችው። እሱም እንደ ልማዱ አሮጌውን ካርድ ብብቱ ሥር ሸጉጦ፣ ከእኛ በታች ወዳሉት ጡረተኛ የአውቶቡስ ሹፌር ወረደ። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ እኔም ይህን ባልጻፍኩ።

እሑድ ከሰዓት ተመልሶ መጣ።

«ይሄ ካርድ ድሮ የነበረበት ቦታ ፕሮግራሙን ቀይረውበታል፤ ጉልበቱን አፍነውታል። የፋብሪካውን ብመልስለት እጥፍ ይፈጥናል» አለ።

«እየሠራ ነው እኮ!» አልኩት።

«ጋሼ፣ መሥራትማ ሁሉም ይሠራል» አለኝ፣ እያዘነልኝ።

ባለቤቴ ጸጉሯን እየታጠበች ነበር። ከነገሩ ጦም እደሩ ብዬ እኔም ጋዜጣዬን አነሣሁ። እንደዚህ ያሉ ካርዶች በመልክ አንድ ሆነው በሆዳቸው ይለያያሉ፤ እሱ ያመጣው ፕሮግራም የሌላኛው ኖሯል። ፍላሽ አድርጎ ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ሲያበራው ፋኑ ዞረ፣ መብራቱ በራ፣ ስክሪኑ ግን ድቅድቅ ጨለማ ሆነ። ኮምፒውተሩ በሕይወት አለ፤ ዓይኑ ጠፍቷል።

ባለቤቴ ራሷን በፎጣ ጠቅልላ ወጣች። ትጮኻለች ብዬ ስጠብቅ ቀስ ብላ ወንበር ሳበችና ተቀመጠች። ከጩኸቱ ይልቅ ይህ አስደነገጠኝ።

«ያልወጡ ምስሎች አሉኝ» አለች።

«እትዬ፣ ይስተካከላል። የቀድሞውን ፕሮግራም ሳላጠፋው በፊት ኮፒ አድርጌዋለሁ።»

«የት?»

ሊቀ ብሎናት ጨለማውን ስክሪን አየ። «እዚሁ ውስጥ» አለ።

ሣጥን ቆልፎ ቁልፉን ሣጥኑ ውስጥ መተው ማለት ይኸው ነው። ደሜ ፈላ፤ ቢሆንም በእሱ ላይ መጮኽ ጊዜ ማባከን ነበር። መውጫው አንድ ብቻ ነው፤ አሮጌው ካርድ ተመልሶ ስክሪኑን ያብራልን፣ ከዚያ አዲሱን እንደገና ፍላሽ እናድርገው። አሮጌው ካርድ ደግሞ ታች ፎቅ ነው። እየተጋፋን ደረጃውን ወረድን።

ሹፌሩ ባርኔጣቸውን ደፍተው ኮምፒውተራቸው ፊት ተቀምጠዋል። በጡረታቸው የያዙት ጨዋታ ምን መሰላችሁ? አውቶቡስ መንዳት። በእኛ ካርድ የተነሣ ከትናንት ጀምሮ በመስታወቱ ላይ ዝናብ ሲንጠባጠብ ሁሉ ይታያቸዋል።

«አባባ፣ ካርዱን ለትንሽ ጊዜ ልንወስደው ነበር» አለ ሊቀ ብሎናት።

«አሁን? ሰው ጭኛለሁ እኮ!»

«አባባ፣ ጨዋታ ነው። ሰዎቹ እውነተኛ አይደሉም።»

«ዕድሜዬን ሙሉ ተሳፋሪ መንገድ ላይ አራግፌ አላውቅም» አሉ፣ ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳይነቅሉ። «ዛሬ ልጀምር ነው?»

ወይ ፍንክች። ከኋላቸው ቆመን ጠበቅን። በየፌርማታው ይቆማሉ፣ በር ይከፍታሉ፣ ከዘራ የያዘች አሮጊት እስክትሳፈር ይታገሣሉ። ሊቀ ብሎናት ትዕግሥቱ አልቆ፣ «ቀዩን ይለፉት፣ ማን ያያል?» ቢላቸው፣ ዞረው ገላመጡት፤ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። መጨረሻው ጣቢያ ደርሰው የመጨረሻውን ሰው ካወረዱ በኋላ፣ «በሉ ንቀሉት፤ እኔም አብሬ ልውጣና ልይ» አሉን።

ሁለቱም ካርዶች ጎን ለጎን ተገጠሙ። ስክሪኑ በራ፣ ኮፒው ተገኘ፣ የሚቀረው አንዲት ቁልፍ መጫን ብቻ ነው። ፍላሹ ሳያልቅ መብራት ቢጠፋ ወይም ገመድ ቢነቀል ያ ካርድ አይነሣም። ስለዚህ እኔ ሶኬቱ ፊት እንደ ዘበኛ ቆምኩ። ሹፌሩ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ሊቀ ብሎናት ጣቱን ቁልፉ ላይ አድርጎ ቀረ። ሲያመነታ በትዳር ዘመኔ ሁሉ አይቼው አላውቅም።

«እትዬ፣ ሰዎቹ ሲያዩት አፋቸውን እንዲይዙልሽ ብዬ ነው እኮ።»

«ተጫነው» አለች። «በኋላ እገልሃለሁ።»

ተጫነው። ስክሪኑ ላይ ያለችው ቀጭን መስመር እየተንፏቀቀች ሞላች። አጥፍቶ አበራው፤ መጀመሪያ ጨለማ፣ ቀጥሎ የባለቤቴ መዋዕለ ሕፃናት ከነአጥሩ ብቅ አለ። ሹፌሩ አጨበጨቡ። ባለቤቴ ወንድሟን ጀርባውን ደህና አድርጋ መታችው፤ ከዚያ አቅፋ አለቀቀችውም።

ማታውን መዳፎቹን ጭኑ ሥር ቀብሮ፣ ምንም ሳይነካ፣ ምስሎቹ ተራ በተራ ሲወጡ እያየ ተቀመጠ።

«መስኮቶቹ ለምን እንዲህ ዝቅ አሉ?» አላት።

«ልጆቹ ውጭውን እንዲያዩ ነዋ።»

«እኛ የተማርንበት ክፍል መስኮቱ ኮርኒሱ ሥር ነበር።»

«ለዚያ ነው» አለችው።

ሰኞ እሷ ኮሚቴው ጋ ስትሄድ እኔ ቤት ቀረሁ። ገና ከመውጣቷ ስልኬ ጮኸ።

«ጋሼ፣ የካርዱ ሙቀት እንዴት ነው?»

«ኮምፒውተሩ ጠፍቷል እኮ!»

«እሺ፣ ብቻ እንደው እይልኝ።» ዘጋ። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ደወለ፤ አሁንም የካርዱ ሙቀት። በሦስተኛው ገባኝ። እህቱ ሥራውን ብታጣ በእሱ ጥፋት እንደሚሆን ሰግቷል፤ እሷ ጋ እንዳይደውል ፈርቷል፤ እኔን በቀጥታ እንዳይጠይቅ ሊቅነቱ አልፈቀደለትም። ስንት ዓመት እቤቴ እየገባ ካርድ ሲነቅልና ሲተክል፣ እኔ የዕቃ ፍቅር ይመስለኝ ነበር። አንጀቴን በላው።

ባለቤቴ ደውላልኝ ስልኩን ገና ከመዝጋቴ እሱ ደወለ።

«ጋሼ፣ ሙቀቱስ?»

«ሥራውን ሰጥተዋታል» አልኩት።

 አፍንጫውን ሲስብ ሰማሁ።

«እኔ የጠየቅሁህ እኮ ካርዱን ነው» አለኝ።

«አውቃለሁ» አልኩት፤ ሄጄም የኮምፒውተሩን ሣጥን ዳሰስኩለት። «ቀዝቅዟል፤ ደህና ነው። ዛሬ ማታ እራት እኛ ጋ ነህ። ካቻቢቴህን ግን እቤትህ ተወው።»



«ትንሿንም?» አለኝ።