ከአምስቱ ሦስቱ

እኛ ሰዎች ማስታረቅ እንወዳለን። ሁለት ሰው ሲጨቃጨቅ ካየን ቦርሳችንን አስቀምጠን መሃል እንገባለን፤ የጠቡን ምክንያት ማወቅ እንኳ የግድ አይደለም። አንተ ትንሽ ተው፣ አንቺም ትንሽ ተዪ እንልና ሲጨባበጡ አይተን ደስ ብሎን ወደ ቤታችን እንሄዳለን። አንድ ነገር ብቻ አንጠይቅም፤ ለሁለት የቆረጥነው ነገር የማን ነበር? እኔ ይህን የተማርኩት ዘግይቼ ነው፤ የተማርኩትም አስታራቂው እኔው ሆኜ ነው።

አሜሪካ፣ ኦክላንድ ውስጥ የአንዲት ትንሽ የአማርኛ ቤተ ክርስቲያን ጸሐፊ ሆኜ ሳገለግል ነው። በሥራ ቀን ሳን ሊያንድሮ በአንድ ክሊኒክ የታካሚዎችን ፋይል አደራጃለሁ፣ እሁድ እሁድ ደግሞ የምእመናኑን ቃለ ጉባኤ እጽፋለሁ። ልዩነቱ፣ ታካሚዎቹ ምን እንዳመማቸው ይናገራሉ።

የምንከራየው አዳራሽ ሊሸጥ ሆነና በሁለት ወር ውስጥ ልቀቁ ተባልን። ሌላ ብንፈልግ አጣን። የሳን ሆዜ የአማርኛ ቤተ ክርስቲያን ወንድሞች ሰፊ አዳራሽ ስላላቸው "ኑ፣ አንድ እንሁን" አሉን። አለዚያ ልንበተን ነበር፤ አንዳንዱ ከወዲሁ መበተን ጀምሯል። እናም ሄይዋርድ ላይ፣ በሁለታችን መካከል ባለ ቦታ፣ ለድርድር ተቀመጥን።

የእነሱን ወገን የሚመራው ኩፐርቲኖ የሚሠራ ዳግም የሚባል ኢንጂነር ነው፤ ላፕቶፑን ሳይከፍት አይጸልይም። የእኛ ደግሞ ጋሽ ታምራት ናቸው፤ ቤተ ክርስቲያኒቱን ከመሠረቱት አንዱ፣ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ የሚቆጡ አዛውንት። የሽማግሌዎች ጉባኤው ወንበሮች በአባላት ቁጥር ልክ ለሁለቱ ከተሞች ይከፈሉ በሚለው ተስማማን። ቀጥሎ አባል ማን ነው የሚለው መጣ፤ መስማማታችንም እዚያ ላይ አበቃ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ደንባችን ድምፅ የሚሰጠው አማርኛ የሚናገር ብቻ ነው ይላል። ቋንቋችን እንዳይጠፋብን ብለን ነው የጻፍነው። ግን ኦክላንድ ውስጥ አማርኛ የማይናገሩ ብዙ አዋቂዎች አሉን፤ እዚህ ያደጉ፣ ሰምተው በእንግሊዝኛ የሚመልሱ ልጆቻችንና ከሌላ አገር ሰው ጋር የተጋቡት ወንድሞችና እህቶች የትዳር ጓደኞች። ሳን ሆዜዎች እንዲህ ያለ ሰው እምብዛም የላቸውም።

"እነሱም ነፍስ ናቸው፤ ይቆጠሩ" አሉ ጋሽ ታምራት።

"ነፍስ ከሆኑ ለምን ድምፅ አይሰጡም?" አለ ዳግም።

"እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።"

"ጋሼ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ቮት የማያደርግ ሰው ለእርስዎ ወንበር ሊያመጣልዎ አይችልም። ፌር አይደለም።"

ሦስት ቅዳሜ በዚህ አለፈ። እኛ ሙሉ ይቆጠሩ እንላለን፣ እነሱ ከነጭራሹ አይቆጠሩ ይላሉ። በሦስተኛው ቅዳሜ ጋሽ ታምራት ካፖርታቸውን አንስተው ሊወጡ ሲሉ እጄን አወጣሁ። ግማሽ አልኩ፤ የእኛዎቹ አነሰ አሉ። ትንሽ ከፍ አደረግሁና "እንግዲያው አምስቱ እንደ ሦስት ይቆጠሩ" አልኩ። ዳግም ላፕቶፑ ላይ ባለው ሠንጠረዥ ውስጥ አስገባው፤ ወንበሮቹ ማንም የማያኮርፍበት ሆነው ወጡ። ተጨበጨበ። ጋሽ ታምራት "ጥበብ ከላይ ነው" ብለው ግንባሬን ሳሙኝ። ቃለ ጉባኤው ላይ ሐሳብ አቅራቢው እኔ መሆኔን በትሕትና ጻፍኩ፤ ከሥሩም አሰመርኩ።

በማግስቱ እሁድ ደስታዬን ለዋልተር ልነግረው ሄድኩ። ዋልተር የመዘምራን መሪያችን የሶስና ባል ነው፤ ኦክላንድ ተወልዶ ያደገ ጥቁር አሜሪካዊ፣ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር። አሥራ አንድ ዓመት ከኋላ ተቀምጦ የማይሰማውን ስብከት በትዕግሥት አዳምጧል። የምንሰማው እንኳ እንዲያ አልታገሥንም። ወንበር የሚደረድረው፣ የተሰበረ በር የሚጠግነው እሱ ነው።

"ተስማማን" አልኩት በእንግሊዝኛዬ። "አንተም ተቆጥረሃል።"

"ስንት ተብዬ?"

ነገርኩት። ድገምልኝ አለኝ፤ ደገምኩለት። ወደ መኪናው ሊጭነው ያነሳውን ወንበር መሬት ላይ ዘርግቶ ተቀመጠበት።

"ቁጥሩን ከየት አመጣኸው?"

"ከራሴ። ብዙ አሰብኩበት።"

ዋልተር አልተቆጣም። ለማያውቀው ተሳፋሪ መንገድ እንደሚያሳይ ሹፌር ቀስ ብሎ አስረዳኝ። ይህች አገር ስትመሠረት ባሪያ ያላቸው ግዛቶች ባሪያዎቻችን ሙሉ ይቆጠሩልን አሉ። ሰው ናቸው ብለው አይደለም፤ በተቆጠሩ ቁጥር ምክር ቤቱ ውስጥ የጌቶቻቸው ወንበር ስለሚበዛ ነው። ሌሎቹ ግዛቶች ደግሞ ጭራሽ አይቆጠሩ አሉ። ተከራክረው ተከራክረው፣ አምስቱ እንደ ሦስት ይቆጠሩ ብለው ተጨባበጡ።

"የቅድመ አያቴ እናት ሉዊዚያና ውስጥ ከተቆጠሩት አንዷ ናት" አለኝ።

"ድምፅ ነበራት?" አልኩት። አንዳንድ ጥያቄ ከአፍ ከወጣ በኋላ ነው የሚሰማው።

"ጌቶቿ ወንበር ነበራቸው" አለ። "እሷ ግን አልተቀመጠችበትም።"

ዜግነት ስወስድ የዚህችን አገር ታሪክ አጥንቼ ተፈትኛለሁ፤ ባንዲራው ላይ ስንት መስመር እንዳለ እስከ ዛሬ አልረሳሁም። ይህኛውን ግን አንብቤውም ከነበረ ሳይነካኝ አልፏል። እርግጥ እኛ ማንንም ባሪያ አላደረግንም፤ ዋልተርም እንዲያ አላለኝም። ግን ማታ ጎኔን ሳሳርፍ አንድ ነገር ቆጠቆጠኝ። ሙሉ ይቆጠሩ ያልነው፣ ደጎቹ የመሰልነው፣ እኛ ነበርን።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ስብሰባው ላይ ተነስቼ የሰማሁትን ሁሉ ተናገርኩ። ዳግም ያንን መስመር ከሠንጠረዡ ሰረዘ። ጋሽ ታምራት መነጽራቸውን አውልቀው ረጅም ጊዜ ጠረጉት። "እኛ እኮ በፍቅር ነው" አሉ በመጨረሻ። ከዚያ ወንበሩ ያለ ምንም ቆጠራ ለሁለቱ ከተሞች እኩል ይሁን ተባለ። አምስት ደቂቃ አልፈጀም።

እኔም ሞቅ ሲለኝ፣ ለምን ድምፅ አንሰጣቸውም አልኩ። ጋሽ ታምራት ደነገጡ። "ልጄ፣ እነሱ መምረጥ ከጀመሩ ነገ ስብከቱ በእንግሊዝኛ ይሆናል። እኔ በየትኛው ቋንቋ ልሙት?" አሉኝ። ይህን ሲሉ እየቀለዱ አልነበረም። መልስ ሳጣ ደግሞ ምን እንደማደርግ ታውቃላችሁ። አስታረቅሁ። የአማርኛ ፈተና ያለፈ ድምፅ ይስጥ አልኩ። በሙሉ ድምፅ ጸደቀ፤ ፈታኙም እኔው ሆንኩ።

ዋልተር ቤት በሩጫ ደረስኩ።

"ፈተና?" አለኝ።

"በጣም ቀላል ነው።"

"አያቴንም ቀላል ነው ብለዋቸው ነበር።" አያቱ ሉዊዚያና ውስጥ የትምህርት ቤት መምህር ነበሩ። በዚያ ዘመን ጥቁር ሰው ለመምረጥ ልመዝገብ ሲል ማንበብና መጻፍ መቻሉን ይፈትኑታል። ሦስት ጊዜ ወደቁ።

"መምህር ሆነው?"

"ፈተናው አልከበዳቸውም። የሚያርመው ሰው ነው የከበዳቸው። የእኛን ማን ነው የሚያርመው?"

"እኔ" አልኩ።

ሶስና ከጓዳ ብቅ አለች። "ወንድሜ" አለችኝ በአማርኛ፣ በጣም በእርጋታ፣ "እባክህ ሌላ ሐሳብ ሲመጣልህ፣ ከስብሰባው በፊት ለእኛ ኮል አድርግልን።"

ፈተናውን ያን ሳምንት አወጣሁ። ጥያቄው አንድ ነው። ስምዎ ማን ነው? ሁሉም አለፉ። ዋልተር "ስሜ ዋልተር ነው" ካለ በኋላ "የአንተስ?" ብሎ ጨመረበት። ዳግም ፈተናው ስታንዳርዱን አልጠበቀም የሚል ኢሜይል ላከልኝ፤ ውሳኔው ስለ ጥያቄ ብዛት የሚለው ነገር የለም ብዬ መለስኩለት። ጋሽ ታምራት ግን ከዚያ እሁድ ጀምሮ ከስብከት በኋላ ዋልተርን ከጎናቸው አስቀምጠው አማርኛ ማስተማር ያዙ። እስካሁን "ጠ" ላይ ናቸው።

የተዋሃደችው ቤተ ክርስቲያን የመጀመሪያ ምርጫ ለጸሐፊነት ነበር። እኔና ሩት የምትባል የሳን ሆዜ ነርስ ቀረብን። ተቆጠረ፤ ተሸነፍኩ። ድምፅ አሰጣጡ በምስጢር ነው፤ ዋልተር ግን ምስጢር አይወድም። ወደ መኪናችን ስንሄድ ትከሻዬን ያዝ አድርጎ "ለእሷ ነው የሰጠሁት" አለኝ።

"ለምን?"

"አንተ ወንድሜ ነህ" አለ። "ግን ሁለት ሐሳብ አመጣህ፤ ሁለቱንም ቤተሰቤ ያውቃቸዋል። ሦስተኛውን መጠበቅ አልፈለግሁም።"

ሩት የመጀመሪያ ቃለ ጉባኤዋን ስትጽፍ በስንት ድምፅ እንደተሸነፍኩ አልደበቀችም። በአንድ ነው። ሙሉ አንድ።